ትኬቱ ስልክ ውስጥ ቀረ፦ የስታዲየም ማስታወሻ ወረቀት ለምን ጠፋ? እንዴትስ ይመለሳል?

በአዲስ አበባ መሀል፣ ከለገሃር ወደ መስቀል አደባባይ በሚወስደው አጭር መንገድ ላይ፣ የጨዋታ ቀን ከሩቅ የሚታወቀው በትኬት ሰልፉ ነበር። ተራው የደረሰው ሰው ከመስኮቱ ሲመለስ መዳፍ የማትሞላ ወረቀት ይይዛል፤ ተራ ቁጥር፣ የመቀመጫው ክፍል፣ ዋጋ፣ ክብ ማኅተም። በሩ ላይ ተቆጣጣሪው ጫፏን ይቀድና የተረፈውን ይመልስለታል። ጨዋታው ሲያልቅ ያቺ ቅዳጅ ምንም አትገዛም፣ የትም አታስገባም። አብዛኛው ተመልካች ይጥላታል። ጥቂቱ ግን በመጽሐፍ ገጽ መሀል ወይም ከፎቶ አልበሙ ጀርባ ያኖራታል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ አውጥቶ «ያን ቀን እኔም ነበርኩ» ለማለት።

አሁን ክፍያው በቴሌብርና በባንክ መተግበሪያዎች፣ መግቢያው ደግሞ በስልክ ላይ በሚታይ ኮድ እየሆነ ነው። ስታዲየሞች በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) መስፈርት መሠረት ሲታደሱና አዲስ ሲገነቡ የመግቢያ ሥርዓቱም አብሮ መለወጡ አይቀርም። ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንዱ ወገን ወረቀት መጠየቅን ወደ ኋላ መመለስ አድርጎ ያየዋል፤ ሌላው ኤሌክትሮኒክ ትኬት የስታዲየሙን ለዛ አጠፋው ይላል። ሁለቱም ስለ አንድ ነገር የሚከራከሩ ይመስላቸዋል እንጂ በመሀላቸው ያሉት ጉዳዮች ሁለት ናቸው፤ በር የሚከፍት ፈቃድ እና የሚቀመጥ ማስረጃ። እነዚህን ለይቶ ያየ ሰው አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው እንደማያስፈልግ ይገነዘባል።

አንድ ወረቀት፣ ሦስት ሥራ

የድሮው ትኬት በጥራዝ የሚታተም ነበር። ሻጩ ትኬቱን ገንጥሎ ሲሰጥ በጥራዙ ላይ ያው ተራ ቁጥር ያለበት ቀሪ ይቆያል፤ ማታ ላይ ገንዘቡ የሚታሰበው ከቀሪው ጋር ተመሳክሮ ነው። በገዢው እጅ ያለው ክፍል በሩ ላይ ይቀደዳል፤ መቀደዱ ራሱ «ይህ ሰው ገብቷል» የሚል ምልክት ነው። እንግዲህ ወረቀቱ የመግባት ፈቃድ ነበር፣ የሂሳብ ሰነድ ነበር፣ ከዚያም በኋላ በኪስ ውስጥ የሚቀር ማስረጃ ሆነ።

ሦስተኛውን ሥራ ማንም አላቀደውም። አሳታሚው ለሂሳቡ፣ በር ጠባቂው ለቁጥጥሩ ሲል የተጠቀመበት ወረቀት በአጋጣሚ የሰው ትዝታ ማኖሪያ ሆነ እንጂ። ማንም ስላላቀደው ሲወገድም የሚጠይቅ አልተገኘም። ፈቃዱ ወደ ኮድ፣ ሂሳቡ ወደ ኮምፒውተር ተዛወረ። ማስረጃው ግን መሄጃ አልተዘጋጀለትም።

አየር መንገዶች ይህን ጉዞ ቀድመው ሄደውበታል። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር (አያታ) አባላቱ የወረቀት ትኬትን ትተው ሙሉ በሙሉ ወደ ኤሌክትሮኒክ እንዲሻገሩ ያስቀመጠው ቀነ ገደብ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2008 ነበር። ያኔ ብዙ ቅሬታ አልተሰማም፤ መንገደኛው የሚፈልገው መድረስን ነው፣ የመሄዱ ማስረጃ ደግሞ በፓስፖርቱ ላይ ማኅተም ሆኖ ይቀርለታል። የስታዲየም ተመልካች ግን ማኅተም የሚያርፍበት ፓስፖርት የለውም።

በስልኩ ላይ ያለው ኮድ ምንድን ነው?

ኪውአር ኮድ የሚባለው ባለ አራት ማዕዘን ጥቁርና ነጭ ምልክት እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓን ውስጥ ዴንሶ ዌቭ በተባለ ኩባንያ የተፈጠረ ሲሆን መነሻው የመኪና መለዋወጫዎችን ለመቆጣጠር ነበር። በውስጡ የያዘው ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። በሩ ላይ መቆጣጠሪያ መሣሪያው ቁጥሩን አንብቦ «ይህ ተከፍሎበታል? ከዚህ በፊት ገብቶበታል?» ብሎ የአዘጋጁን የመረጃ ቋት ይጠይቃል። ስለዚህ እውነተኛው ትኬት ያለው በስልኩ ላይ ሳይሆን በመረጃ ቋቱ ውስጥ ነው፤ ስልኩ የሚያሳየው የቋቱን መጠቆሚያ ነው።

ከዚህ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ይከተላል። ኮዱን ፎቶ ያነሳ ሁሉ እንደ ባለቤቱ እኩል ይዞታል ማለት ነው፤ በሩ ላይ ቀድሞ የደረሰው ይገባል፣ ባለቤቱ «ተጠቅመውበታል» ይባላል። በደስታ ተገፋፍቶ የገዛውን ትኬት ፎቶ ከጨዋታው በፊት በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ የሚለጥፍ ሰው ቁልፉን አደባባይ እንደሰቀለ ይቁጠረው። ይህን ለመከላከል ሲባል የሚለዋወጥ ኮድ ተፈጠረ። የአሜሪካው ትኬትማስተር እ.ኤ.አ. በ2019 ያስተዋወቀው ሥርዓት ኮዱን በየጥቂት ሴኮንዱ ይቀይረዋል፤ ስክሪንሾት፣ ማለትም የስልኩ ገጽ ፎቶ፣ በር ላይ ሲደርስ ጊዜው አልፎበታል።

ለማስታወሻ ፈላጊው ትልቁ ችግርም የሚመጣው ከዚሁ ጥንቃቄ ነው። የሚለዋወጠው ኮድ ሊታተም አይችልም፤ ቢታተምም የሚይዘው ያለፈ ቅጽበት ነው። ጨዋታው ካለቀ በኋላ መተግበሪያው ትኬቱን ወደ ማኅደር ያዛውረዋል ወይም ጭራሹን ያነሳዋል። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ አካውንት ይዘጋል፣ ኩባንያው መተግበሪያውን ይቀይራል። የተመልካቹ ማስረጃ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ፣ በሌላ ሰው ፈቃድ የሚኖር ሆኗል። የማይለዋወጥ ኮድ ያለው ትኬት ሲሆን ሰው ቤቱ ወይም ኮፒ ቤት አትሞ ይዞት ሊሄድ ይችላል፤ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን በኤ4 ወረቀት ላይ ከማስታወቂያና ከሕግ ማሳሰቢያ ጋር የወጣ ገጽ ነው። የሚያኖረው ሰው አለ፤ የሚወደው መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ።

አዘጋጆች ከወረቀት ለምን ሸሹ?

አዘጋጆቹ ያለ ምክንያት አልሸሹም። ወረቀት ይመሳሰላል። ማኅተምና ተራ ቁጥር ያለበትን ተራ ወረቀት ለማስመሰል ጥሩ ማተሚያ ያለው ሰው ይበቃል። ጥሬ ገንዘብ በብዙ እጅ ሲያልፍ ይጎድላል። ከሁሉም በላይ ግን ስንት ሰው እንደገባ በቅጽበት የሚናገር ሥርዓት የለም፤ የተቀደዱት ጫፎች የሚቆጠሩት፣ ከተቆጠሩም፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው። በር ላይ ያለ ግፊት ሕይወት ይቀጥፋል። እ.ኤ.አ. ጥር 24 ቀን 2022 በካሜሩን ያውንዴ፣ በኦሌምቤ ስታዲየም መግቢያ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታ ቀን ስምንት ሰዎች ሞተዋል። ኤሌክትሮኒክ ቁጥጥር ብቻውን እንዲህ ያለውን አደጋ አያስቀርም፤ በሮች፣ የሰው ፍሰት፣ የጸጥታ አካላት ዝግጅት ይበልጣሉ። ሆኖም በየበሩ የገባውን ሰው ቁጥር ማወቅ ከአለማወቅ ይሻላል።

ወረቀት ተከሶ የተፈረደበት፣ ኋላም ፍርዱ የተቀለበሰበት አንድ ክስተት አለ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 28 ቀን 2022 በፓሪሱ ስታድ ደ ፍራንስ የሪያል ማድሪድና የሊቨርፑል የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ በበር ላይ በተፈጠረ ትርምስ ዘግይቶ ተጀመረ። የሊቨርፑል ደጋፊዎች የያዙት የወረቀት ትኬት ነበር። የፈረንሳይ የአገር ውስጥ ሚኒስትር ሐሰተኛ ትኬት የያዙና ትኬት የሌላቸው ከ30 እስከ 40 ሺህ ሰዎች መጥተዋል አሉ። በበሮቹ ላይ በእርግጥ ተነበው ሐሰተኛ ሆነው የተገኙት ትኬቶች ግን 2,600 እንኳ አልሞሉም። ጉዳዩን የመረመረው ገለልተኛ ቡድን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ባወጣው ሪፖርት ዋናውን ኃላፊነት የሰጠው ለአዘጋጁ ለአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበራት ኅብረት (ዩኤፋ) ነው። ይህን ያነሳሁት ሐሰተኛ ትኬት የለም ለማለት አይደለም፤ ከሁለት ሺህ በላይ ሐሰተኛ ትኬት ትንሽ ነገር አይባልም። ነገር ግን የአደረጃጀት ጉድለት ሲያጋጥም በወረቀት ማሳበብ እንደሚቀና ማወቁ ለእኛም ይጠቅማል።

የመረጃ ጉዳይም አለ። የወረቀት ትኬት ስም አይጠይቅም፤ የስልኩ ይጠይቃል። ሞሮኮ ባስተናገደችው የ2025 የአፍሪካ ዋንጫ ትኬት ለመግዛትም ሆነ ለመግባት «ያላ» በተባለ መተግበሪያ የሚወጣ የደጋፊ መታወቂያ ግዴታ ነበር። ለጸጥታ ይረዳል፤ አዘጋጁም ተመልካቹን ለይቶ እንዲያውቅና እንዲሸጥለት ያስችለዋል። በሌላ በኩል ተራ ስልክ የያዘ ሽማግሌ፣ ባትሪው ያለቀበት ወጣት፣ በአሥር ሺዎች በተሰበሰቡበት ቦታ የሚጨናነቅ ኔትወርክ አለ። እነዚህ አዘጋጁ አስቀድሞ መልስ ሊያበጅላቸው የሚገቡ ናቸው። መስኮቱን ጨርሶ የዘጋ ስታዲየም ከተመልካቾቹ የተወሰኑትን ውጭ አስቀርቷል።

የሚጠፋው ምንድን ነው?

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም በሚባለው በዛሬው አዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ ግብጽን (በወቅቱ ስሟ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክን) በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን አነሳች። ዋንጫውን ንጉሠ ነገሥቱ ለአምበሉ ለሉቺያኖ ቫሳሎ ሰጡ። ያንን ቀን በስታዲየሙ የዋለ ሰው ዛሬ ቢኖር ሽማግሌ ነው። ቅዳጁን ያስቀመጠ ካለ ግን ቤተሰቡ የያዘው ከፎቶግራፍ የተለየ ነገር ነው። ፎቶው ተጫዋቾቹን ያሳያል፤ ቅዳጁ የአንዱን ተመልካች መኖር ይመሰክራል።

ትኬት ሌሎች ሰነዶች የማይይዙትን ይይዛል። የመግቢያ ዋጋን፣ የመቀመጫ ክፍፍልን፣ ማን ያንን ዋጋ ይችል እንደነበር የሚያሳይ ፍንጭን። የአዲስ አበባ ስታዲየም ተመልካች መቀመጫውን የሚጠራበት የራሱ ቋንቋ አለው፤ ክቡር ትሪቡን፣ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ካታንጋ፣ ዳፍ ትራክ፣ ሚስማር ተራ። በዲጂታሉ ትኬት ላይ የምናየው «ዞን» የሚል ቃልና አንድ ፊደል ከሆነ ከወረቀቱ ጋር ስሙም ይሄዳል። ይህን የምለው በቁጭት ነው፤ «ከማን አንሼ» የሚለው ስም ብቻውን ስለዚህ ከተማ ሕዝብ ብዙ ይናገራልና።

ቅርብ ወደሆነው እንምጣ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ በመጀመሪያው ጨዋታ 5 ለ 3 የረታቻቸውን ሱዳንን በዚሁ ስታዲየም 2 ለ 0 አሸንፈው፣ ከሜዳ ውጭ ባገቡት ግብ ብልጫ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሱ። ያን ቀን የገባ ሰው የያዘው ወረቀት ነበር። አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ግብጽን 2 ለ 0 ስታሸንፍ ጨዋታው «የሜዳችን» ቢባልም የተካሄደው በማላዊ ሊሎንግዌ ነው፤ የአገር ውስጥ ስታዲየሞች የካፍን መስፈርት ስላላሟሉ። የአዲስ አበባ ሰው ያንን ድል በቴሌቪዥን አየው። የዚያ ቀን ትኬት የሚገኝ ቢሆን እንኳ የሚገኘው በሊሎንግዌ ሰዎች ኪስ ነው። በዚህ ላይ ብሔራዊ ቡድኑ ወደ ከተማው ሲመለስ መግቢያው በኮድ ብቻ ከሆነ፣ ለአንድ ትውልድ ያህል በእጅ የሚያዝ ምንም ሳይኖር ያልፋል ማለት ነው።

የውጭው ገበያ ለዚህ ወረቀት የሚሰጠው ዋጋ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 በአሜሪካ በተደረገ ጨረታ ጃኪ ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1947 በትልቁ የቤዝቦል ሊግ መጀመሪያ የተሰለፈበት ጨዋታ ቅዳጅ 480 ሺህ ዶላር አወጣ። በዚያው ጨረታ ማይክል ጆርዳን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 26 ቀን 1984 ለቺካጎ ቡልስ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገበት፣ ያልተቀደደ ሙሉ ትኬት በ468 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ይህ ትኬት ያልተቀደደው ባለቤቱ ሁለት ትኬት ይዞ አብሮት የሚገባ ጓደኛ ስላጣ ነው። ሆኖም ይህን ሰምቶ ቅዳጅ ለሀብት የሚያጠራቅም ሰው ይሳሳታል። እዚያ ዋጋውን የሠሩት የወረቀቱን እውነተኛነትና ይዞታ መርምረው ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶችና በብዙ ዓመት የተገነባ የሰብሳቢዎች ገበያ ናቸው። እኛ ዘንድ እነዚህ የሉም። የአዲስ አበባው ቅዳጅ ዋጋ በመጀመሪያ ለቤተሰብ፣ ቀጥሎ ለታሪክ ነው።

ማስታወሻ ትኬት እና «እውነተኛ ነው ወይ?» የሚለው ክርክር

በሌሎች አገሮች የተገኘው መፍትሔ ማስታወሻ ትኬት ነው፤ ብዙዎች «ሱቬኒር ትኬት» ይሉታል። መግቢያው በስልክ ይሆናል፤ የፈለገ ሰው ደግሞ የጨዋታውን ቀን፣ ቡድኖቹንና መቀመጫውን የያዘ፣ በጥሩ ወረቀት የታተመ ካርድ ለብቻው ይገዛል። በ2022 የኳታር ዓለም ዋንጫ ትኬቱ በስልክ መተግበሪያ ሲሆን ማስታወሻውን መግዛት ይቻል ነበር፤ በፓሪስ 2024 ኦሎምፒክም እንዲሁ። በአሜሪካ አንዳንድ ክለቦች ለዓመታዊ ትኬት ገዢዎቻቸው በየዓመቱ የታተሙ ትኬቶችን ይልካሉ።

አጥባቂ ሰብሳቢዎች ይህን አይቀበሉም። መከራከሪያቸው ቀላል አይደለም። ትኬት ዋጋ የሚያገኘው በዚያ ቀን፣ በዚያ በር፣ በባለቤቱ እጅ ስላለፈ ነው፤ ከሳምንት በኋላ ታትሞ በፖስታ የመጣ ካርድ ጌጥ እንጂ ምስክር አይሆንም ይላሉ። ጨዋታውን ያላየም ሰው ሊገዛው ይችላላ። በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ ምንም ከማጣት ጌጡ ይሻላል፣ ደግሞም ለልጅ ልጅ ሲታይ ማን ይመረምረዋል ባይ ናቸው። እኔ ወደ አጥባቂዎቹ አዘነብላለሁ። ማስረጃ የሚባል ነገር ከቦታውና ከሰዓቱ ጋር መታሰር አለበት።

የሚታሰርበት መንገድ ደግሞ ከስታዲየሙ ብዙም ሳይርቅ፣ በቸርችል ጎዳና በሚገኘው ዋናው ፖስታ ቤት ለብዙ ዓመት ሲሠራበት ቆይቷል። ቴምብር ሰብሳቢዎች «የመጀመሪያ ቀን ፖስታ» የሚሉት አለ፤ አዲስ ቴምብር በወጣበት ዕለት ቴምብሩ ተለጥፎበት የዕለቱ ማኅተም የሚያርፍበት ፖስታ። ፖስታውን ማንም አስቀድሞ ሊያትመው ይችላል። ምስክር የሚያደርገው በዚያ ቀን፣ በዚያ መሥሪያ ቤት ያረፈበት ማኅተም ነው። ለ1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ መታሰቢያ የኢትዮጵያ ቴምብር ወጥቶ ነበር። ደብዳቤ በኢሜይልና በቴሌግራም ከተተካ በኋላም ፖስታ ቤት መታሰቢያ ቴምብር ማውጣቱን አልተወም። ስታዲየሙም ይህንኑ ሊያደርግ ይችላል። ካርዱ አስቀድሞ ይታተም፤ ኮዱ በር ላይ ተነቦ ያለፈ ሰው ውስጥ ገብቶ ይውሰደው፤ የዕለቱ ቀን ያለበት ማኅተም ወይም ቀዳዳ እዚያው ይረፍበት። ያኔ አጥባቂው ሰብሳቢም የሚነቅፈው ብዙ አያገኝም።

ሙቀት የሚጽፍበት ወረቀት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያውቅ ማስታወሻውን የሚያጠፋበት አንድ ነገር አለ። ዛሬ በመስኮት የሚሰጡ ትኬቶችና ደረሰኞች ብዙዎቹ ቀለም በሌለው ማተሚያ የሚወጡ ናቸው። ወረቀቱ ቴርማል ይባላል፤ ላዩ ላይ የማይታይ ማቅለሚያና ማቅለሚያውን የሚያጠቁር ኬሚካል ተቀብተውበታል። የማተሚያው ጫፍ በሚያሞቀው ነጥብ ላይ ሁለቱ ቀልጠው ይገናኙና ይጠቁራሉ። የመንገድ ላይ ደረሰኝ በመኪና መስታወት ሥር ውሎ ነጭ ሲሆን ያየ ሰው የቀረውን ያውቀዋል፤ ፀሐይ፣ ሙቀት፣ የእጅ ቅባት፣ ለስላሳ ፕላስቲክ ኪስ ጽሑፉን ያደበዝዙታል።

ሰው የሚወደውን ወረቀት ለማዳን መጀመሪያ የሚያስበው ላሚኔት ማድረግ ነው። መታወቂያውንም፣ የምስክር ወረቀቱንም የለመደው በዚህ መንገድ ነውና። ቴርማል ትኬት ይዞ ኮፒ ቤት ሄዶ ላሚኔት ቢያሠራ ግን ማሽኑ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት ሲያሳልፈው ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር ይጠቁራል። በሁለት ተንከባላዮች መሀል ገብቶ በሌላው በኩል ሲወጣ ቀኑም፣ መቀመጫውም፣ የቡድኖቹም ስም በጥቁሩ ውስጥ ገብቷል። መመለሻ የለውም። ስለዚህ ቴርማል መሆኑን ለማወቅ ከዚያው መስኮት በተሰጠ፣ በማይፈለግ ሌላ ወረቀት ጀርባና ፊት ላይ በጥፍር ፈጥኖ መፋቅ ነው፤ በፍትጊያው ሙቀት ግራጫ መስመር ከወጣ ያ ዓይነት ወረቀት ነው። ትኬቱ እንዲህ ከሆነ በገዙበት ሳምንት ስካን ወይም ኮፒ ማድረግ፣ ዋናውን በወረቀት ፖስታ ውስጥ፣ በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ማኖር ይሻላል። በማተሚያ ቤት ቀለም የታተመው የድሮው ትኬት ይህ ችግር የለበትም፤ የ1954ቱ ቢገኝ ዛሬም የሚነበበው ለዚህ ነው።

አዘጋጆችም ይህን ሊያስቡበት ይገባል። «ወረቀት ለሚፈልግ ከመስኮት ይሰጠዋል» ብሎ ቴርማል ደረሰኝ መስጠት ጥያቄውን መመለስ አይሆንም።

ለአዲስ አበባ የሚሆነው

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከስታዲየሙ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ በመስቀል አደባባይ፣ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከኅዳር 1994 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ጥያቄ መልሶታል። የመጀመሪያው ሩጫ 10 ሺህ ሰው ያሳተፈ ሲሆን በኋላ ቁጥሩ ከ40 ሺህ አልፏል። ምዝገባው ወደ ዲጂታል ክፍያ ሲሄድ ቲሸርቱ ግን በእጅ መሰጠቱ አልቀረም። ቲሸርቱ በዕለቱ የመሳተፊያ ፈቃድ ነው፤ በማግስቱ የሚለበስ ማስረጃ ይሆናል። የየዓመቱ ቀለም ስለሚለያይ በታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመን ሰው አይቶ የትኛውን ዓመት እንደሮጠ መናገር የሚችል አዲስ አበቤ ብዙ ነው። ማንም ይህን ወደ ኋላ መመለስ ብሎት አያውቅም።

ለእግር ኳሱ የሚያስፈልገው ከዚያ ያነሰ ነው። በወረቀት ብክነት ላይ የሚነሳው ስጋት ቢሰላ ይቀላል፤ አንድ ኤ4 ወረቀት ስምንት ትኬት ይወጣዋል፣ ለ20 ሺህ ተመልካች 2,500 ሉህ ይበቃል፣ ይህም ባለ 500 ሉህ አምስት እሽግ ነው። ካርቶን መሰል ወፍራም ወረቀት ቢሆን ዋጋው ይጨምራል፤ ገዢው በፈቃዱ የሚከፍለው ስለሆነ ግን ለክለቡ ገቢ እንጂ ወጪ አይሆንም። አራት ኪሎ አካባቢ ያለው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራ፣ ጥንቃቄ የሚሹ ሰነዶችን የሚያትም ተቋም ነው፤ የአቅም ችግር የለም።

ከባዱ ስጋት ማስታወሻው እንደ መግቢያ ትኬት ተመስሎ በር ላይ እንዳይሸጥ ነው። ስጋቱ እውነት ነው፤ ስታዲየም ዙሪያ በጨዋታ ቀን አየር በአየር ትኬት የሚሸጥ ሰው መኖሩን የማያውቅ የለም። መድኃኒቱ ማስታወሻው ከጨዋታው በፊት ከስታዲየሙ ውጭ እንዳይገኝ ማድረግ ነው። ከበር ወዲያ ብቻ ከተሰጠ፣ በላዩም «ለመግቢያ አያገለግልም» የሚል በአማርኛ በግልጽ ከተጻፈ፣ አጭበርባሪው የሚሸጠው አይኖረውም። በስልኩ መክፈል የማይችለው ተመልካችም ከመስኮት የሚያገኘው የወረቀት መግቢያ የራሱ ኮድ ሊኖረው ይችላል፤ ያ ኮድ እንደ ስልኩ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል፣ ቁጥጥሩ አይላላም።

አንድ ተጨማሪ ነገር ክለቦችና ፌዴሬሽኑ ሊያደርጉት ይገባል እላለሁ። ከእያንዳንዱ ታላቅ ጨዋታ ማስታወሻ ጥቂት ቅጂ በተለምዶ ወመዘክር ለሚባለው ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይሰጡ። የ1928 ዓ.ም.ን ምሥረታ የሚያነሳው ቅዱስ ጊዮርጊስም ሆነ በ1968 ዓ.ም. የተመሠረተው ኢትዮጵያ ቡና የራሳቸውን የትናንት ትኬቶች ዛሬ በአንድ ቦታ አሰባስበው ለሕዝብ ቢያሳዩ ስንቱ ደጋፊ ከሳጥኑ ቅዳጅ ይዞ ይመጣል።

ሥርዓቱ እስኪመጣ ደግሞ ደጋፊው የሚችለው አለ። በዲጂታል ሲከፍሉ የሚደርሰውን የክፍያ ማረጋገጫ መልእክት አለማጥፋት፤ በውስጡ ቀን፣ ሰዓት፣ የግብይት ቁጥር አለ፣ ደረሰኙን የማውረጃ ሊንክም ካለው የዚያኑ ዕለት ማውረድ። የትኬቱን ገጽ ፎቶ ከጨዋታው በኋላ አንስቶ በኢሜይል ለራስ መላክ። ከዚያ ሁለቱን በአንድ ወፍራም ወረቀት ላይ በሌዘር ማተሚያ ማሳተም፤ የሌዘር ዱቄት ቀለም ከቴርማል በብዙ ይቆያል። በጀርባው የተቀመጡበትን ቦታ የሰፈሩን ስም ጠብቀው ጥላ ፎቅ ከሆነ ጥላ ፎቅ፣ ካታንጋ ከሆነ ካታንጋ ብለው፣ ውጤቱንና አብሯቸው የነበረውን ሰው ስም በእስክሪብቶ ይጻፉበት። ከተጫዋቾቹ አንዱ ከአውቶቡሱ አጠገብ ካጋጠመ የሚፈርመውም በዚሁ ወረቀት ላይ ነው፤ በስልክ መስታወት ላይ መፈረም አይቻልም።